ሠላሳ አንድ ሰው በአንድ እጅ

ጥቅምት 4

ለልጄ፣ ለቁምነገሬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናት፤ ስለ ጉልበቷ እንዳልጽፍልሽ አስጠንቅቃኛለች፣ ስለዚህ ስለ ጉልበቷ ምንም አልጻፍኩልሽም።

«ያለፈውን ደብዳቤ ማን ጻፈልህ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ነኝ። ይኼንንም እኔ ነኝ። ሰባት ወር ሙሉ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ ማታ ትምህርት እየሄድኩ ምን የምሠራ መስሎሽ ነበር? ካላመንሽ እናትሽን ጠይቂ፤ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አይታኛለች። «የብረት በር ስትበይድ እንኳ እንዲህ አያልብህም» ብላኛለች። እውነቷን ነው። በር ቢጣመም ቆርጬ እቀጥለዋለሁ፤ ደብዳቤ ግን አንዴ ከተጣመመ እንደተጣመመ ነው የሚሄደው።

በዚህ ከተማ እኔ ያልበየድኩት በር ካለ ገና ያልተሠራ በር ነው፤ ይኼን ታውቂያለሽ። አሁን ደግሞ ከበያጆች ሁሉ አንደኛ ደብዳቤ ጸሐፊ ሆኛለሁ። ስልኩን ለእናትሽ ትቼላታለሁ፣ እንደልባችሁ አውሩ። እኔ ሃምሳ ስምንት ዓመት በአፌ ስናገር ኖሬያለሁ፤ ከእንግዲህ ተራው የእጄ ነው።

ስለ ጥናትሽ የጻፍሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ለማንበብ፣ አንዴ ለመረዳት፣ አንዴ ደግሞ የተረዳሁ መሆኔን እናትሽ እንድታይ። የገባኝን ልንገርሽና ከተሳሳትኩ አርሚኝ። ኮምፒውተሩ የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ይማራል። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጽፍ የኖረ ሰው ከሆነ አያቅተውም፤ እንደኛ ጎልምሶ የጀመረ ሰው ሲመጣበት ግን ግራ ይገባዋል። ስለዚህ የእኛን ዓይነት ጽሑፍ እያሳየሽ ልታስተምሪው ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያልሽው ይኼ ከሆነ እሱም የማታ ተማሪ ሊሆን ነው ማለት ነው። የመጀመሪያው ወር ጣት ያማል፣ ኋላ ይለመዳል ብለሽ ንገሪልኝ።

«አርባ ሰው ከየት አመጣለሁ?» ብለሽ መጨነቅሽ አሳቀኝ። አባትሽ እያለ? ክፍላችን ውስጥ አርባ ሦስት ነን። ከሦስቱ ጋር አልነጋገርም እንጂ አርባ ሦስቱንም እልክልሽ ነበር። እያንዳንዱ ሰው በገዛ እጁ አንድ ገጽ፣ ስለ ዋለበት ውሎ፣ ሳያሳምር፣ ስም ሳይጽፍ፣ ቁጥር ብቻ። ገብቶኛል። በሁለት ሳምንት ውስጥ በእጅሽ ናቸው።

አባትሽ


ጥቅምት 19

ለቁምነገሬ፣

አርባው ገጽ ይኸውልሽ። እኔ ቆጥሬዋለሁ፣ እናትሽ ቆጥራዋለች፣ የፖስታ ቤቷ ሠራተኛም ማንም ሳይጠይቃት ቆጥራዋለች።

«እምቢ ያለህ የለም ወይ?» ላልሽው፣ የምን እምቢታ። ተሰልፈው ነው የጻፉት። ልብስ አጣቢዋ ብቻ ትንሽ አቅማምታ ነበር። የምትሠራበትን ክፍል የውሃ ቆጣሪ በስሟ ለማዞር በእጇ የሞላችው ቅጽ ሦስት ጊዜ ተመልሶባታል፤ የቢሮው ማሽን ሊያነበው አልቻለም እየተባለ። ከዚያ ወዲህ ከክፍል ውጭ እስክሪብቶ አትይዝም። ግን እሱን ተይው። ዋናው አርባ መሙላቱ ነው።

አውራ ጣቴን ትንሽ አሞኛል። ብየዳ ነው።

አባትሽ


ኅዳር 6

ለልጄ፣ ለተመራማሪዋ፣

ዘጠና ስድስት ከመቶውን መጀመሪያ እናትሽ በስልክ ሰማችው፣ ቀጥሎ አንቺ ጻፍሽልኝ፣ ቀጥሎ እኔ በመሥሪያዬ ግድግዳ ላይ በጠመኔ ጻፍኩት። የገባ ደንበኛ ሁሉ «የቤት ቁጥር ነው?» ይለኛል። «አይደለም፣ የልጄ ማሽን ያመጣው ውጤት ነው» እለዋለሁ። ከዚያ ስለ በሩ ለማውራት የሚቀረው ጊዜ ትንሽ ነው።

አማካሪሽ በር ላይ አስቁመው «እንኳን ደስ አለሽ» ማለታቸው ደስ ብሎኛል። በትልቅ ስብሰባ ላይ አቅርቢው ማለታቸው ደግሞ የበለጠ። «ከሌሎች ጥናቶች በዚህ ሁሉ የበለጠበት ምሥጢር ምንድን ነው?» ላልሽው፣ ምሥጢር የለውም። ጎበዝ ተማሪዎች ስለሆንን ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለራሴ አይደለም፣ አብሮኝ የሚማረው ዘበኛ ነው የሚጠይቀው። ማሽኑ የሚያውቀው የተጻፈውን ብቻ ነው ወይስ የጻፈውንም ሰው ይለያል? ለመልሱ አትቸኩይ። ግን ቶሎ ብትልኪው ጥሩ ነው።

አባትሽ


ኅዳር 17

አባዬ፣

እንዴት ነህ? እማዬ ስለ ጉልበቷ አልነገረችኝም፤ ስለዚህ እንዳልተሻላት አውቄያለሁ።

ይህን ደብዳቤ ሳልቸኩል ለመጻፍ ሁለት ቀን አቆየሁት። የዘበኛውን ጥያቄ ልመልስለት። ማሽኑ ካዘዙት የጻፈውንም ሰው ይለያል።

ሥራው እንዲህ ነው። ከአርባው ገጽ ሠላሳውን እያሳየሁ አስተምረዋለሁ፣ አሥሩን ደብቄ እፈትነዋለሁ። የፈተናው ሰዎች ማሽኑ ከዚያ በፊት ጽሑፋቸውን አይቶ የማያውቃቸው ሰዎች መሆን አለባቸው። አለበለዚያ ፈተናውን ቀድሞ እንዳየ ተማሪ ነው፤ ውጤቱ ያምራል እንጂ እውቀቱ የለም። አማካሪዬ ዘጠና ስድስቱን ሲያዩ መጀመሪያ ደስ አላቸው፣ በሳምንቱ ተመልሰው መጡና «እስቲ ገጾቹን በጸሐፊያቸው እጅ ይለያቸው» አሉኝ። አዘዝኩት። አሥር ክምር ሠራ። በዘጠኙ ክምር ውስጥ አንድ አንድ ገጽ አለ። በአሥረኛው ሠላሳ አንድ።

ማሽኑ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። እኔ ገጾቹን አንብቤያቸው አላውቅም፤ ጽሑፉን ወደ ኮምፒውተር የገለበጠልኝ አብሮኝ የሚማረው ልጅ ነው። አሁን ተቀምጬ ሠላሳ አንዱንም አነበብኳቸው።

ቁጥር ሰባት፦ «ሥጋ ሻጭ ነኝ። ዛሬ ሁለት በግ ሸጥኩ። ከክፍላችን አንደኛው ጎበዝ በያጁ ነው።» ቁጥር አሥራ ሁለት፦ «አዋላጅ ነኝ። ዛሬ መንታ አዋለድኩ። በያጁ ባይኖር ክፍሉ ይፈርስ ነበር።» ቁጥር አሥራ ዘጠኝ፦ «ዘበኛ ነኝ። የምጠብቀውን በር የሠራው በያጁ ስለሆነ ምንም ሳልሰጋ እተኛለሁ።» ቁጥር ሃያ ስድስት፦ «ባሌ ሞቶብኛል። በያጁ ግን ያስቀኛል።» ይህችን እማዬ አይታታለች?

የገለበጠልኝ ልጅ ያኔውኑ «ይህ በያጅ ማን ነው? አገሩ ሁሉ የሚያደንቀው» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። እኔም ኮርቼ «አባቴ ነው» አልኩት።

ስቄያለሁ፣ አልዋሽህም። ሳቄ ግን ቶሎ አለቀ። ጥናቴን ገምጋሚዎች ፊት የማቀርበው ጥር 20 ነው። ይህን ውጤት ይዤ ብቀርብ ውሸት ይዤ ቀረብኩ ማለት ነው፤ ብተወው ደግሞ ሌላ ውጤት የለኝም፣ ዲግሪውም ቢያንስ አንድ ዓመት ይዘገያል።

የምጠይቅህን ታውቀዋለህ።

ልጅህ


ኅዳር 26

ለልጄ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የእናትሽ ጉልበት ተሽሏታል። እዚህ ዝናብ ዘንቧል። የትምህርት ቤቱን በር እየሠራሁ ስለሆነ ፋታ የለኝም። ሌላ አዲስ ነገር የለም።

አባትሽ


ኅዳር 27

ለቁምነገሬ፣

የትናንቱን ደብዳቤ ደብዳቤ ብለሽ አትቁጠሪው። እናትሽ ስንት መስመር እንደጻፍኩ ጠየቀችኝ። «አምስት» ስላት «አንተ? አምስት መስመር? ምን ሠራህ?» አለችኝ። ከዚያ የጉልበቷን ነገር መጻፌን ሰማች፣ ያውም ተሽሏታል ብዬ። አልተሻላትም። እሱንም ዋሽቻለሁ።

ሠላሳ አንዱም እኔ ነኝ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። የላክሽው ደብዳቤ በደረሰ ማግስት ክፍል ውስጥ ተነሥቼ «ልጄ የእጅ ጽሑፋችሁን ትፈልገዋለች» አልኳቸው። ዝም አሉ። ሥጋ ሻጩ እጄ ቆስሏል አለ። ዘበኛው ሥራ ይበዛብኛል አለ፤ ዘበኛ ምን ሥራ ይበዛበታል? ልብስ አጣቢዋ ደግሞ «አንተ በያጅ፣ የእኔን ጽሑፍ ማሽን ሦስት ጊዜ ተፍቶታል። ለአራተኛ ጊዜ ለልጅህ ማሽን አላጎርስም» አለችኝ። ከእሷ በኋላ ሲያመነቱ የነበሩትም ቀሩ። ዘጠኝ ሰዎች ብቻ ጻፉ።

እኔ ግን አርባ ብያለሁ። ለልጄ ብያለሁ። ደግሞ ማሽን ምን ያውቃል አልኩ። ጥቂቱን በግራ እጄ ጻፍኩ። ጥቂቱን ቆሜ። አራቱን አውቶቡስ ውስጥ፣ ሲንገጫገጭ። ቁጥር ሃያ ሁለትን የብየዳ ጓንት አጥልቄ ነው የጻፍኩት፤ እሱን እንዴት እንዳወቀብኝ እስካሁን ይገርመኛል። ማሽንሽ ጎበዝ ነው። ይኼን ሙገሳ በደህና ቀን ብነግርሽ ደስ ባለኝ ነበር።

አሁን ቀልዱን ልተወው። አንቺ ልጅ ሆነሽ ቢሮ ይዤሽ ስገባ፣ ቅጽ ሲሰጡኝ «መነጽሬን ረሳሁ» እል ነበር፤ ታስታውሻለሽ? አንድ ቀን «አባዬ መነጽርህ የታለ?» ብለሽኝ ከረሜላ ገዝቼ አስረስቼሻለሁ። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም። እነዚያ ሰዎች ዝም ሲሉኝ ለምን ዝም እንዳሉ ከሁሉም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። እንደማውቅ ልነግራቸው ይገባኝ ነበር። እኔ ግን የጎበዝ ተማሪ ፊት ይዤ ቆምኩባቸው። ከዚያ በስማቸው ጻፍኩ፣ ያውም እኔን የሚያሞግስ።

በድያቸዋለሁ። ከሁሉም በላይ አንቺን በድያለሁ። ይቅር በይኝ። የሚጠገን ነገር ካለ ንገሪኝ፤ መጠገን ሥራዬ ነው።

አባትሽ


ታኅሣሥ 7

ለቁምነገሬ፣

ደብዳቤሽን መሥሪያዬ በር ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። የይቅርታዋን መስመር ሁለት ጊዜ።

ለአማካሪሽ ራስሽ ሄደሽ «አባቴ ነው የጻፈው» ማለትሽን ያነበብኩት አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ነው። «የጓንቷን ገጽ በተለይ አሳዩኝ» ብለው ሳቁ ያልሽውን ግን ላምን አልቻልኩም፤ እኔን ለማጽናናት ካልሆነ። ዘጠና ስድስቱን ማውጣትሽን ለእናትሽ ነገርኳት። «ልጄ ናት» አለች። የእኔ ልጅ መሆንሽን በዚያ ቀን አላነሣችውም። የግድግዳዬንም ጠመኔ አጥፍቼዋለሁ።

እስከ ጥር 5 እውነተኛ ገጽ ከደረሰልሽ ማሽኑን እንደገና አስተምረሽ ትደርሻለሽ ማለት ነው። «እንዴት አድርገህ ታሳምናቸዋለህ?» ላልሽው፣ አላውቅም። ይኼን ቃል የጻፍኩት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ከአንደበቴም ብዙ ጊዜ ወጥቶ አያውቅም።

ለእናትሽ ብነግራት ተነሣችና ከቁምሳጥኑ ታች አንድ ደብተር አወጣች። የመጀመሪያው ወር ደብተሬ ነው። ጥዬው ነበር፤ ለካ አንሥታ አስቀምጣዋለች። ገልጬ አየሁት። ደግሜ ከደንኩት።

ነገ ይዤው እሄዳለሁ።

አባትሽ


ታኅሣሥ 24

ለቁምነገሬ፣

ሠላሳ አራት ገጽ ይኸውልሽ። ከፊተኞቹ ዘጠኝ ጋር አርባ ሦስት ይሆናል፤ ክፍሉ በሙሉ። የማልነጋገራቸውም ሦስት ሰዎች አሉበት። ከሁለቱ ጋር ታርቄያለሁ፤ ከሦስተኛው ጋር ግን ለምን እንደተጣላን ስላላስታወስን መታረቂያ አጥተን ዝም ብለን ሰላም ተባባልን።

«ምን ብለህ ተናገርክ?» ላልሽው፣ እሱን አልነግርሽም። ረጅም አልነበረም ብዬ ልለፈው፤ እናትሽ በዚህ ብቻ ትደነቃለች። የደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ ቀድጄ ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩት። ከዚያ ዘበኛው ጠጋ ብሎ አየና «ይኼንንስ ዶሮ ናት የጫረችው» አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። በስማቸው የጻፍኩትን አንድ በአንድ ስነግራቸው ግን ዘበኛው ሳቁን አቆመ። «እኔ እተኛለሁ ብዬ ጽፌያለሁ?» ብሎ ሦስት ቀን አኩርፎኛል። አዋላጇ በመንታው ደስ ብሏታል።

ገጾቹን አላነበብኳቸውም። እነሱ ራሳቸው ጽፈው፣ መምህራችን ፊት አሽገው፣ በፖስታው ክዳን ላይ ሁሉም ጣቱን ቀለም ነክሮ አትሞበታል። ፖስታ ቤት ድረስ ሥጋ ሻጩ አጅቦኝ ሄዷል። እኔን የሚያምን ሰው ለጊዜው የለም፣ እውነታቸውን ነው። የእኔም ገጽ ከውስጡ አለ፤ አንድ ብቻ፣ በቀኝ እጄ፣ ያለ ጓንት።

ልብስ አጣቢዋ ጽፋበት ይሁን ባዶውን አጥፋ አስገብታው አላውቅም። ወረቀት ስትወስድ ግን አይቻታለሁ።

በጥናትሽ ላይ በርቺ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር፣ ተውኩት።

አባትሽ


ጥር 22

አባዬ፣

አለፍኩ። ይህን እማዬ በስልክ ነግራሃለች፤ ግን ግድግዳህ ላይ ልትጽፈው ስለምትፈልግ እኔም ልጻፍልህ። ሰባ ስምንት ከመቶ።

ከገምጋሚዎቹ አንዱ «ሌሎች ከዘጠና በላይ ያመጣሉ፤ የአንቺ ለምን አነሰ?» አሉኝ። «የእኔ ማሽን የተፈተነው ከዚያ በፊት ጽሑፋቸውን አይቶ በማያውቃቸው ሰዎች ነው፤ እነሱም መጻፍ ከጀመሩ ዓመት ያልሞላቸው ናቸው» አልኳቸው። ከዚያ በፊት የነበረው ማሽን እንደዚህ ዓይነቱን ጽሑፍ ግማሹን እንኳ አያነብም ነበር። አማካሪዬ ከኋላ ተቀምጠው ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየሁ። የሠላሳ አንዱንም ገጽ ታሪክ አንድ ምዕራፍ አድርጌ ጽፌዋለሁ፤ ሌላ ተማሪ እንዲህ ዓይነት አባት ቢኖረው እንዲጠነቀቅ።

ገጾቹን የሚገለብጥልኝ ልጅ ሥራውን ሲጨርስ «በያጁ የት ሄደ?» አለኝ። «አንድም ሰው አላነሣውም እኮ። ራሱ እንኳ ስለ ሚስቱ ጉልበት ነው የጻፈው።»

ልትጠይቀኝ ፈልገህ የተውከው ይህንን እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ልመልስልህ።

እሱ ያላነበበው አንድ ገጽ ነበር። ቁጥር አርባ አንድ። ማሽኑ ከገጹ ውስጥ ያወቀው ሦስት ቃል ብቻ ነው፤ ልጁም ዓይኑን ሲያፈጥበት ውሎ ባዶ ተወው። እኔ ወረቀቱን ይዤ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። መስመሩ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ተሰርዞ የተሰረዘው ላይ ተጽፎበታል። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። እንዲህ ይላል፦

«ልብስ አጣቢ ነኝ። ዛሬ በያጁ ቆመና ዋሽቼአችኋለሁ አለ። የድሮ መጥፎ ጽሑፉን አሳየን። እኔም ይኸው መጥፎውን ጽፌያለሁ።»

ይህን ገጽ ከመመረቂያ ጽሑፌ ፊት ላይ ላስገባው እፈልጋለሁ፤ ማሽኑ ገና የሚቀረውን ለማሳየት። ያለ ፈቃዷ ግን አይሆንም። ትጠይቅልኛለህ?

ልጅህ


የካቲት 3

ለልጄ፣ ለቁምነገሬ፣

ጠየቅኋት። ደብዳቤሽን ራሷ ታንብበው ብዬ ሰጠኋት፤ የልብስ ማጠቢያ ገንዳዋ አፋፍ ላይ ተቀምጣ፣ እጇን አድርቃ፣ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከዚያ «አንድ ሰዓት ተኩል?» አለች። «አንድ ሰዓት ተኩል» አልኳት። «ለእኔ ጽሑፍ?» አለች። ወረቀቱን አጣጥፋ መለሰችልኝና «ታስገባው። ግን መጀመሪያ የምሄድበት ቦታ አለ፣ አብረኸኝ ና» አለችኝ።

የውሃ ቢሮው ነው። ቅጹን እንደገና በእጇ ሞላችው፣ እዚያው ቆማ። መስኮቱ ላይ ያለው ጸሐፊ ማሽኑ ውስጥ ከተተው፤ ማሽኑ መለሰው። ጸሐፊውም እንደ ልማዱ ሊመልስላት ሲል ወረቀቱን በእጇ ያዘችበት። «ይኼን የእኔን ጽሑፍ አንዲት ተመራማሪ ቁጭ ብላ አንብባዋለች» አለችው። «ማሽኑ ካቃተው አንተ ሞክረው፤ እኔ አልቸኩልም።» ከኋላችን ሰልፍ ነበር። ጸሐፊው መነጽሩን አወጣ፣ እውነተኛ መነጽር፣ ጠርጎ አጠለቀና በጣቱ እየተከተለ ማንበብ ጀመረ። ሁለት ቦታ ላይ ጠየቃት፤ ነገረችው። አነበበው። ቆጣሪው በስሟ ዞሯል።

ከመዞሩ በፊት ግን «ምስክር ያስፈልጋል፤ ሙሉ ስሙንና አድራሻውን በእጁ የሚጽፍ» አለና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው።

አንድ ነገር ልንገርሽ። እጄ ወደ ደረት ኪሴ ሄደ። አፌ «መነጽሬን ረሳሁ» ሊል ተከፍቶ ነበር፤ ከልማድ። ልብስ አጣቢዋ አየችኝ። እኔም እስክሪብቶውን ተቀበልኩና ቀስ ብዬ ጻፍኩ፤ ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ የቤታችንን ቁጥር። ጸሐፊው አንዴ አየት አድርጎ ማኅተሙን መታበትና «ቀጣይ» አለ።

ማንም ምንም አላለኝም። ለዚህ ነው ለአንቺ የጻፍኩልሽ።

የእናትሽ ጉልበት አሁንም ያማታል። ጻፍላት ብላኛለች።

አባትሽ